ቆርቆሮ ላይ የተሰጣ አፈር

«ልጅቷ እጇ ንጹሕ አይደለም» ሲል ሰማሁት ኃላፊያችንን። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ እኔ ደግሞ ገርበብ ያለ በር ሳይ የጫማዬ ክር የሚፈታብኝ ሰው ነኝ። ጎንበስ ብዬ ክሬን ስፈታና ሳስር ኃላፊው ለንብረት ክፍሏ ሴትዮ ነገሩን ዘረዘረላት። ከአንድ የበቆሎ እርሻ የመጣ አፈር እኛ ላቦራቶሪ ሲመረመር ዚንኩ ሞልቶ ተትረፍርፎ ተገኘ። ባለ እርሻዋ የዚያኑ አፈር ግማሽ ሌላ ቦታ ወስዳ ብታስመረምረው ግን ዚንክ የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል አሏት። አሁን ሁለቱን ወረቀት ይዛ እየመጣች ነው። ከዚህ በፊትም ሁለት ሰዎች አጉረምርመዋል። ስለዚህ ማሽኑ ላይ የምትሠራው ልጅ ውሏ በወሩ መጨረሻ ሲያልቅ አይታደስም፤ ደብዳቤው ተተይቧል፣ አስር ሰዓት ላይ ይፈረማል።

«ማነው እዚያ? ጋሽ ወፍጮ ነህ? ና ግባ እስቲ» አለኝ ኃላፊው። ጋሽ ወፍጮ የሚሉኝ አፈሩን አድርቄ፣ ፈጭቼና ነፍቼ ለማሽን የማዘጋጀው እኔ ስለሆንኩ ነው። አፌም ሥራ ስለማይፈታ ነው የሚሉ አሉ፤ እነሱን አልሰማቸውም። ገባሁ። «አንተ ከዚህ ቤት ጋር ያረጀህ ሰው ነህ። ስለ ልጅቷ ምን ትላለህ?» ብሎ ጠየቀኝ።

እዚህ ላይ ሰው የሚባል ሰው ቢሆን ኖሮ «ልጅቷ የእህቴ ልጅ ናት፤ እጇንም ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቀዋለሁ» ይል ነበር። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁና «የዘንድሮ ልጆች መች እጃቸውን በደንብ ይታጠባሉ ብለው ነው?» አልኩ። ኃላፊው ቀና ብሎ አየኝ። የንብረት ክፍሏ ሴትዮ እስክሪብቶዋን ስታገላብጥ ቆየች። ንግግሬ ጥልቅ ሆኖባቸው መሰለኝና ራሴን እየነቀነቅሁ ወጣሁ። ኮሪደሩ መሐል ስደርስ ነው ያልኩት ነገር ለራሴ የተሰማኝ።

በመሥሪያ ቤታችን የሥጋ ዘመድ በአንድ ክፍል አይሠራም የሚል ደንብ አለ። ስለዚህ እሷ ከተቀጠረች ጀምሮ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከአንድ ቤት ወጥተን አንተዋወቅም። እሷ ቀድማ ትወጣለች፣ እኔ ሻዬን ጨርሼ ሩብ ሰዓት ቆይቼ እከተላለሁ። እሷ አንዱ ታክሲ፣ እኔ ሌላው ታክሲ። ቤት ውስጥ ጋሼ ትለኛለች፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ ምንም ብላ አትጠራኝም፣ ስትፈልገኝ ጠረጴዛውን ነው የምታንኳኳው። ለእህቴ ደግሞ «ልጅሽን እኔ ነኝ ያስገባሁልሽ» እያልኩ ስኮፈስ ኖሬያለሁ። እውነቱን ለመናገር ልጅቷ ተፈትና፣ አንደኛ ወጥታ ነው የገባችው፤ የእኔ ድርሻ የማስታወቂያውን ወረቀት ከሰሌዳው ላይ ገንጥዬ ማምጣቴ ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲሉ የእናት ወንድምንም ማካተት ነበረባቸው።

የዚያን ቀን ጠዋት ቁርስ ላይ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። እህቴ ዳቦውን ወደ እሷም ወደ እኔም እየገፋች «ሥራ እንዴት ነው?» አለች። ሁለታችንም እኩል «ደህና ነው» አልን። ከዚያ የማንኪያ ድምፅ ብቻ። ከአምስት ወር ወዲህ ገበታችን ላይ እንዲህ ነው፤ ጨው አቀብለኝ፣ ጨው አቀብይኝ፣ አለቀ። እህቴ መጀመሪያ ሰሞን ምን ሆናችሁ ትል ነበር፣ በኋላ ሰለቻት። እኔ ዝምታውን እንደ አክብሮት ቆጥሬው ነበር። ልጅቷ ሥርዓት ያዘች፣ ዝም አይነቅዝም እያልኩ ዳቦዬን እገምጥ ነበር።

ወደ ክፍሌ ገባሁ። ክፍሌ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ አየር እንጂ ፀሐይ አይገባውም፤ አፈር በጥላ ነው የሚደርቀው። በሦስት ረድፍ መደርደሪያ ላይ ሃያ አራት የሚያብረቀርቁ የቆርቆሮ ትሪዎች አሉ። እነዚህ ትሪዎች የእኔ ናቸው፤ ማለቴ የፈጠራ ውጤቶቼ። ከሦስት ዓመት በፊት የድሮዎቹ የፕላስቲክ ትሪዎች እየተሰነጠቁ ሲያልቁ አዲስ ይገዛ ብዬ ጠየቅሁ፤ የአንዱ ትሪ ዋጋ የደመወዜን ሩብ ሆኖ ተገኘ፣ ኃላፊው ሲሰማ ሳል ያዘው። እኔም ቤት ከሚሠሩ ሰዎች ዘንድ የተረፈ የጣሪያ ቆርቆሮ ለምኜ፣ ቆርቆሮ ሠሪ ጠርዙን አሳጥፎልኝ፣ በጥቂት ቀን ሃያ አራቱንም አቀረብኩ። ጉድ ተባለ። ኃላፊው «በፈጠራና በቁጠባ» የሚል የምስጋና ወረቀት ፈርሞ ሰጠኝ፣ ሁለት ቅርንጫፎችም ትሪዬን አይተው ቀዱ። ወረቀቱን በመስታወት አስገብቼ እህቴ ሳሎን ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቀልኩት። እንግዳ ሲመጣ ቀና ብሎ ካላነበበ ሻይ አይቀርብለትም። ከዚያም አልፌ ትሪዎቹን በየቀኑ በአሸዋ እፈትጋቸው ነበር፣ እንዲያበሩ። ጭቃው ደርቆ ሲጣበቅም አንዲት ቅንጣት አትባክንም ብዬ በቢላ ፍቄ አነሣዋለሁ። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው ነኝ።

አራት ሰዓት ሲሆን ባለ በቆሎዋ መጣች። ኃላፊው «ስብሰባ ላይ ናቸው በሏት፣ ወደ ጋሽ ወፍጮ ውሰዷት» ብሎ ኖሮ ጥበቃው ክፍሌ ድረስ አመጣት። የላስቲክ ቦት ጫማ ያደረገች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ሁለቱን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችልኝ። የእኛ ሦስት ነጥብ አንድ ይላል፣ የነዚያ ዜሮ ነጥብ አራት። ከአንድ በታች ከሆነ ተክሉ ተራበ ማለት ነው። «ሁለት ዓመት በቆሎዬ ቅጠሉ ነጭ መስመር እያወጣ አጥሮ ይቀራል» አለች። «ዚንክ ልጨምርበት ብዬ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ሳስመረምር የእናንተ ወረቀት በቂ ነው ስላለኝ ተውኩት።»

«ሌላ ቦታ መውሰድ ምን አስፈለገ?» አልኳት፣ ኮስተር ብዬ። ነገሩ ከንክኖኛል።

«እዚሁ የምትሠራ ልጅ ናት የመከረችኝ። ባለፈው መጥቼ እዚህ ስጨቃጨቅ ሰምታኝ በር ድረስ ተከትላኝ ወጣች። አዲስ አፈር ቆፍረሽ ለሁለት ክፈይው፣ ግማሹን ለኛ አምጪ፣ ግማሹን ራስሽ ንጹሕ ላስቲክ ላይ በጥላ አድርቂና ሌላ ቦታ አስመርምሪው አለችኝ። እግዜር ይስጣት።»

ደሜ ፈላ። ደንበኛን ወደ ሌላ መስደድ! ለካ ልጅቷ እጇ ብቻ አይደለም እያልኩ በሆዴ ስብከት ጀመርኩ። ለሴትዮዋ ደግሞ የሥራችንን ጥራት ላሳያት ብዬ ወደ መደርደሪያው ወሰድኳትና «እናት፣ እዚህ አፈር የሚደርቀው እንዲህ ባለ ትሪ ነው። የራሴ ሥራ ነው» አልኳት። ጣቷን ባዶ ትሪ ላይ አሸት አደረገችና አየችው። ጫፉ ላይ ነጭ ዱቄት ተለጥፏል። «የጣሪያ ቆርቆሮ አይደል እንዴ?» አለች። «የኛም ጓዳ ያረጀው ቆርቆሮ እርጥበት ሲነካው እንዲህ ነጭ ያወጣል።»

ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። ቆርቆሮ እንዳይዝግ ላዩ የሚለበጠው በዚንክ መሆኑን ማንኛውም ቆርቆሮ ሠሪ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት አፈር ሳዘጋጅ ኖሬ፣ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ ብረት አታስነኩት እያልኩ ሳስተምር ኖሬ፣ እርጥብ አፈር ዚንክ ላይ አስጥቼ፣ ዚንኩን በአሸዋ ፈትጌ አላልቼ፣ በቢላ ፍቄ ጨምሬ፣ ዚንክ ስንት ነው ብዬ ለማሽን ስልክ ከረምኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲሉ ቆጡም ብብቱም የእኔው ነው።

የአምስት ወሩ ነገር ያኔ ትዝ አለኝ። እራት ላይ ነበርን። ልጅቷ ሹካዋን አስቀምጣ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ «ጋሼ፣ ትሪዎቹ ከምንድን ነው የተሠሩት?» አለችኝ። እኔም «አንቺ ልጅ፣ እኔ አፈር ስፈጭ አንቺ ጡጦ ትጠቢ ነበር!» ብዬ ጮህኩባት። እህቴ ሳቀች፣ ቀልድ መስሏት። ልጅቷ «እሺ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሥራ አንድ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም አሸነፍኳት ብዬ ስደሰት ከርሜያለሁ።

ባለ በቆሎዋን ኮሪደሩ ላይ ወንበር ሰጥቼ፣ እባክዎ እስከ ማታ ይታገሱኝ ብዬ ለመንኳት። ላስቲክ ላይ ካደረቀችው አፈር የተረፈ በፌስታል ይዛ ነበር፤ ተቀበልኳት። ከመጋዘን የእኛን ግማሽ፣ ቆርቆሮ ላይ የደረቀውን፣ አወጣሁ። ሁለቱንም በአንድ ሙቀጫ፣ መሐል ላይ እያጠብኩ፣ ወቀጥኩ፤ በአንድ ወንፊት ነፋሁ፤ አንዱን «ሀ» አንዱን «ለ» ብዬ ጻፍኩባቸው። ይዤ ወደ ማሽን ክፍል ሄድኩ። ያችው ልጅ፣ ያው እጅ፣ ያው ማሽን ይሁን ብዬ ነው፤ ልዩነት ከመጣ በእሷ ሊመካኝ አይችልም። በሩ ላይ ስቆም ቀና አለች። ደብዳቤውን እንደሰማች ፊቷ ይናገራል፤ በዚህ ቤት ወሬ ከታይፕ ይቀድማል። ጠረጴዛዋ ላይ ያሉ የግል ዕቃዎቿን፣ ኩባያዋን፣ ማበጠሪያዋን፣ በካርቶን ከታለች። «እነዚህን ታነቢልኛለሽ?» አልኩ። ፊደሎቹን አየች፣ እኔን አየች። ጓንቷን አጠለቀች።

እጇን ያኔ ነው በደንብ ያየሁት። ከእያንዳንዱ አስር አስር ግራም መዘነች፣ ማዕድኑን ከአፈሩ የሚያወጣውን ፈሳሽ በልክ ጨመረች፣ ክዳኖቹን አጠበቀች፣ ጠርሙሶቹን የሚንጠው መሣሪያ ላይ አሰረች። አንዲት ጠብታ አልተረፈችም፣ አልጎደለችም። ሁለት ሰዓት መናጥ አለበት። እኔ መሄድ ነበረብኝ፤ አልሄድኩም። በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ መሣሪያው ወዲያ ወዲህ ሲል አያለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ስንሠራ እዚህ ክፍል ሁለት ሰዓት ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። አንዴ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ወፍጮ የተባለው አፌ የሚፈጨው አጣ። እሷ መስኮቱን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ብልቃጦች አጠበች። ምሳ ሰዓት ሲሆን ዳቦዋን ለሁለት ቆርሳ ግማሹን ሳታየኝ አጠገቤ አስቀመጠችው። አንጀቴን በላችው።

አጥልላ ስታነብ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። «ሀ»፣ ላስቲክ ላይ የደረቀው፣ ዜሮ ነጥብ አራት። «ለ»፣ የእኔ ቆርቆሮ ላይ የደረቀው፣ ሦስት ነጥብ አንድ። ውጤቱን ልትጽፍ ደብተሯን ስታነሣ ከእጇ ተቀበልኳት፣ እኔ ልጻፈው ብዬ፤ ገጹን ስፈልግ ወደ ኋላ ገለጥኩ። ከአራት ወር በፊት የተጻፈ ገጽ አገኘሁ። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ታጥቦ ትሪ ላይ የዋለ ንጹሕ አሸዋ፣ ሁለት ነጥብ ስድስት። ታጥቦ ላስቲክ ላይ የዋለ ንጹሕ አሸዋ፣ ዜሮ።» ሦስት ጊዜ ደጋግማዋለች፤ ሦስቱም ያው ነው።

«ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት።

«ለማን?» አለችኝ። ቆጣ ብላ እንኳን አይደለም። «ላንተ ስነግርህ ጡጦ አልከኝ። ለእሳቸው ብነግራቸው ደግሞ አንተን ነው የሚያስወጡህ፤ ጡረታህ ዓመት ከአራት ወር ነው የቀረው። ሰዎቹ ዝም ብለው ሲከስሩ ማየትም አልቻልኩም። እና ሌላ ቦታ አስመርምሩ አልኳቸው።»

እየተናገረች ካርቶኗን በክር ታስራለች። የራሷን ማሰናበቻ በራሷ ምክር ነው ያስጻፈችው፤ ያውም እያወቀች፣ እኔ እንዳልነካ ብላ። እኔ ጠዋት ምን እንዳልኩ ታስታውሳላችሁ። እንዲህ አድርጌ አፍሬ አላውቅም። ደብተሯንም ወረቀቱንም ይዤ ወጣሁ፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ።

ኃላፊው እስክሪብቶውን ከፍቶ ደብዳቤው ላይ ጎንበስ ብሏል። የንብረት ክፍሏ ሴትዮ ማኅተሙን ይዛ ቆማለች። «አይፈርሙ» አልኩ። «ልጅቷ የእህቴ ልጅ ናት።» ይህን ስል ጣሪያው የሚወርድብኝ መስሎኝ ነበር። ኃላፊው «እሱን እናውቃለን» አለ። ሴትዮዋ «ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ» ብላ ጨመረች፤ «አካሄዳችሁ አንድ፣ አሳሳቃችሁ አንድ። ደግሞ ምሳ ዕቃችሁም አንድ ዓይነት ነው እኮ ጋሽ ወፍጮ።»

«ደንቡስ?» አልኩ፣ እንደ ሞኝ።

«ሥራዋን የምትችል ልጅ ናት ብዬ እንዳላየ አለፍኩት» አለ ኃላፊው። «ዛሬ ጠዋት ለምን የጠራሁህ ይመስልሃል? አጎቷ ነው፣ አንድ ነገር ብሎ ይከራከርላታል፣ እኔም ደብዳቤውን የማዘገይበት ምክንያት አገኛለሁ ብዬ ነበር። አንተ ግን እጃቸውን አይታጠቡም አልከኝ።» ሴትዮዋ ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እኔ መሬቱን አየሁ። በዚያ ሰዓት ቢያባርሩኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሁሉን ነገር ዘረገፍኩት፤ ቆርቆሮውን፣ አሸዋውን፣ ቢላውን፣ ጡጦውንም ሳይቀር። ደብተሯን ገልጬ ሁለቱን ቁጥሮች አሳየሁት። ኃላፊው ሲያነብ ፊቱ እየተለዋወጠ ሄደ፤ የምስጋናውን ወረቀት የፈረመው እሱ ነው፣ ትሪዬን ለቅርንጫፎቹ ያስተዋወቀውም እሱ። ቀስ ብሎ «ይህን ሌላ ማን ያውቃል?» አለኝ። ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ፤ የእኔው መንገድ ስለሆነ በደንብ አውቀዋለሁ። «ባለ በቆሎዋ ታውቃለች፤ ትሪውን በጣቷ ያሸችው እሷ ናት። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላለች፤ አሁን ወጥቼ ቀሪውን ልነግራት ነው» አልኩት።  የልጅቷን ደብዳቤ ገለበጠና በጀርባው ላይ፣ ትሪዎቹን እንዲያነሡ ለቅርንጫፎቹ የሚላከውን ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ። ላንተም የሚጻፍ ደብዳቤ አይጠፋም አለኝ ቀና ሳይል። ትሪዎቹ ከገቡ ወዲህ የመጡ ሦስት መቶ አርባ ደንበኞች አሉ፤ ለእያንዳንዳቸው ስሕተቱን ገልጬ አዲስ አፈር አምጡ ብዬ በእጄ እንድጽፍ አዘዘኝ። እስከ ጡረታዬ ሥራ አልፈታም።

ባለ በቆሎዋ ነገሩን ቆማ ሰማችኝ። «እንግዲያው ሁለት ዓመት ያቃጠሉኝ እርስዎ ነዎት» አለች። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኳት።  አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስለ ዚንኩ አጨማመር ግን እኔን አልጠየቀችም፤ ወደ ማሽን ክፍል ሄዳ ልጅቷን ነው የጠየቀችው። በሩ ላይ ቆሜ ልጅቷ በሔክታር ስንት፣ መቼ፣ እንዴት እያለች ስታስረዳት አዳመጥኩ። ካርቶኑ ተፈትቷል፣ ኩባያዋም ቦታው ተመልሷል።

ከሥራ ስንወጣ እንደ ልማዷ ቀድማኝ ሄደች። ታክሲው ጋ ደርሳ ስትገባ ሮጬ ደረስኩባትና ከኋላ ወንበር አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሰዎች አዩን፤ ይዩ። ረዳቱ «ተጠጉ፣ ተጠጉ» ሲል ተጠጋጋን። ለእህቴ ማታ ምን ብዬ እንደምነግራት እያሰብኩ፣ ይቅርታ የሚለውን ቃል ከየት በኩል እንደምጀምረው እያሰብኩ፣ ሁለት ፌርማታ አለፍን። ሦስተኛው ላይ እሷ ቀደመችኝ።

«ጋሼ፣ መዳቡን አየኸው? ሁለቱም ላይ ከፍ ብሏል። ላስቲክ ላይ የደረቀውም ጭምር።»

አላየሁትም ነበር። ማሽኑ መዳቡንም አብሮ ያነባል፤ እኔ ግን ዚንኩን ብቻ አይቼ ነው የሮጥኩት። ወደ እኔ አልዞረችም፣ ጉልበቷን ነው የምታየው፤ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨብጣዋለች። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ አንድ ነገር ሊወረወርባት እንደሚችል ሰው፣ «ወንፊቱ ከምንድን ነው የተሠራው?» አለችኝ።

ያን ወንፊት ሃያ ስድስት ዓመት ይዤዋለሁ። እኔ እንጂ ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም። ጉሮሮዬ ድረስ የመጣውን ነገር ዋጥኩና «ነሐስ ነው» አልኳት። «ነሐስ ደግሞ አብዛኛው መዳብ ነው።»

«ሙቀጫውስ?» አለችኝ፣ አሁን ዞር ብላ።

«ብረት።»

እስክንወርድ ድረስ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፤ እኔም አንድ በአንድ ነገርኳት።